ጃዝ «አይገባኝም» ለሚል ሰው፦ የአርት ብሌኪን «ሞኒን» አልበም የማዳመጫ መመሪያ

«ጃዝ ደስ ይለኛል፤ ግን አይገባኝም።» ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ አብዛኛው ከፍቶት እንጂ አዳምጦት አያውቅም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ወሬውን ይቀጥላል።

አልፈርድም። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ይህን አልበም መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ካፌ ውስጥ፣ የማኪያቶው ማሽን እየጮኸ ነው። ጆሮዬ የገባው ትራምፔቱ ብቻ ነበር። ቤዙ ጭራሽ የለም። ድራሙንማ ጓዳ ውስጥ ዕቃ የሚያጥቡ መስሎኝ ነበር።

ሰው ጃዝ ሲሰማ የሚሰለቸው፣ እንደኔ ግምት፣ የት እንደደረሰ ስለሚጠፋበት ነው። ዘፈን ሲሆን አዝማቹ መጥቶ ይመልሰናል። እዚህ ዘፋኝ የለም። ዜማው አንዴ ይጫወትና ይጠፋል። ከዚያ አንዱ ሰውዬ ለሁለት ደቂቃ ይነፋል። «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያበቃው?» ማለት ይመጣል። ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ በሙዚቃው ውስጥ ላለመጥፋት የሚረዳ ዘዴ ነው። አንድ አልበም፣ ከዚያም ውስጥ በዋናነት አንድ ሙዚቃ። አንድ ሳምንት ስጡት።

መጀመሪያ ሰዎቹን እንወቃቸው

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። አልበሙ የተቀዳው ኦክቶበር 30 ቀን 1958 ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሃከንሳክ የሚባል ከተማ። ስቱዲዮው ሳሎን ነው፤ የሩዲ ቫን ጌልደር ወላጆች ሳሎን። ቫን ጌልደር ቀን ቀን ዓይን እየመረመረ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ ነበር። ከዚያ ሳሎን የወጡ ሸክላዎች ዛሬም ድረስ የጃዝ ድምፅ ምን መምሰል እንዳለበት መለኪያ ናቸው።

አሳታሚው ብሉ ኖት ነው። መሥራቹ አልፍሬድ ላየን ከበርሊን የመጣ ስደተኛ ነበር። ከሌሎች አሳታሚዎች የሚለየው ሙዚቀኞቹን ለልምምድም ጭምር መክፈሉ ነው። አልበሙን ስትሰሙ ሁለቱ ነፊዎች እንደ አንድ ሰው እኩል ሲገቡ፣ እኩል ሲያቆሙ ያንን የልምምድ ገንዘብ አስታውሱልኝ።

ባንዱ «ጃዝ ሜሴንጀርስ» ይባላል። አምስት ሰዎች ናቸው። ድራም፦ አርት ብሌኪ፣ 39 ዓመቱ፣ የፒትስበርግ ልጅ፣ አለቃው እሱ ነው። ትራምፔት፦ ሊ ሞርጋን፣ ገና 20 ዓመቱ። ቴነር ሳክስፎን፦ ቤኒ ጎልሰን፣ 29። ፒያኖ፦ ቦቢ ቲመንስ፣ 22። ቤዝ፦ ጂሚ ሜሪት፣ 32። ከብሌኪ በቀር አራቱም የፊላደልፊያ ልጆች ናቸው። ጎልሰን ባንዱ ውስጥ ሲገባ የሰፈሩን ልጆች ይዞ ገባ ማለት ነው። ይህ የእኛ ሰውም የሚያውቀው አሠራር ነው።

የሚጫወቱት ሀርድ ቦፕ የሚባለውን ነው። በ1940ዎቹ ቢቦፕ የሚባል ፈጣንና ውስብስብ ጃዝ መጣ። ከዚያ በኋላ ያደጉት ልጆች ያንን ችሎታ ሳይጥሉ የጥቁሮችን ቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ብሉዝ መልሰው አስገቡበት። ዜማው ቀለለ፤ ምቱ ከበደ። ለጀማሪ የምመርጠውም ለዚህ ነው። ሳትረዱትም እግራችሁ ይንቀሳቀሳል።

1. የማዳመጫውን ነገር አስተካክሉ

በስልክ ስፒከር አትስሙ። ቤዙ ጨርሶ አይወጣም፤ ቤዝ ከሌለ ደግሞ ይህ ሙዚቃ እግር የለውም። ተራ ኢርፎን ይበቃል፤ ሁለቱንም ጆሮ ላይ አድርጉ። ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ሸክላ ማጫወቻ ያላችሁ ደግሞ ታድላችኋል።

ኔትወርኩ የሚቆራረጥ ከሆነ አስቀድማችሁ አውርዱት። ቅደም ተከተሉን የሚያምታታውን ሻፍል አጥፉ። በስልክ መተግበሪያዎች ላይ ስድስት ሳይሆን ስምንት ትራክ ልታዩ ትችላላችሁ። ሁለቱ በኋላ በሲዲ የተጨመሩ ናቸው፤ አንደኛው ከቀረጻ በፊት የነበረ ማሟሟቂያና ወሬ፣ ሌላው የ«ሞኒን» ሌላ ቅጂ። ለጊዜው እለፏቸው።

ሰዓቱ ማታ ቢሆን ይመረጣል። ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው የምፈልገው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስልኩ ላይ ሌላ ነገር አይነካም።

2. ጠሪውንና ተቀባዩን ለዩ

የመጀመሪያውን ትራክ «ሞኒን»ን ክፈቱ። ቃሉ ማቃሰት ማለት ነው። አልበሙ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የነበረው የባንዱ ስም ብቻ ነበር። ሕዝቡ ይህን ሙዚቃ ከመውደዱ የተነሳ ለሙሉ አልበሙ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ፒያኖው ብቻውን ይጀምራል። አንድ አጭር ዜማ ይጥላል። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ሁለት ድምፅ ይመልሳሉ። እንደገና ፒያኖ፤ እንደገና ሁለት ድምፅ። ያ መልስ «አሜን» ነው። በግምት እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር የሚዘጋበት የታወቀ «አሜን» የሚባል አዘጋግ ነው። ዜማውን የደረሰው ቦቢ ቲመንስ ያደገው ሰባኪ በነበሩት አያቱ ቤት ነው። ልጅ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይጫወት ነበር።

አውጪና ተቀባይ ያለበት ዘፈን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ጆሯችሁ ሥራውን ያውቀዋል፤ የተቀየረው መሣሪያው ነው።

ልብ በሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ሚናው ይገለበጣል። ጠሪዎቹ ነፊዎቹ ይሆናሉ፤ መልሱን የሚሰጠው ከኋላ ያለው ቡድን፣ ማለትም ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም ይሆናል። ያቺን ቅጽበት እስክትይዙ ድረስ መጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ደጋግማችሁ ስሙ። ሦስት ጊዜ ይበቃል።

አንድ ታሪክ ልጨምር። ጎልሰን ሲናገር እንደኖረው፣ ቲመንስ ይህቺን ቁራጭ ዜማ በሙዚቃና በሙዚቃ መሀል እንዲያው ለጨዋታ ይጫወታት ነበር። «መሀሉን ሥራላትና ሙሉ አድርጋት» ያለው ጎልሰን ነው። ቲመንስ ቁም ነገር አልመሰለውም ነበር።

3. ቤቱን ቁጠሩት

የምትጠፉት እዚህ ነውና ቀስ ብለን እንሂድ።

«1-2-3-4» ብላችሁ ከምቱ ጋር ቁጠሩ። አንድ አራት አንድ ባር ይባላል። ባር ባለፈ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። ስምንት ጣት ሲታጠፍ አንድ ክፍል አለቀ። ዜማው አራት እንደዚህ ያሉ ክፍሎች አሉት፦

አንደኛው ክፍል፣ ፒያኖ ሲጠራ፣ 8 ባር።
ሁለተኛው፣ ያው ዜማ፣ ጠሪው ሲቀየር፣ 8 ባር።
ሦስተኛው፣ ሌላ ዜማ፣ 8 ባር። ብሪጅ የሚባለው ይህ ነው። ጎልሰን «መሀሉን ሥራ» ያለው ይህችን ነው።
አራተኛው፣ የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ፣ 8 ባር።

በድምሩ 32 ባር። ይህ አንድ ዙር ነው። አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። ዜማው ሲያልቅና ሞርጋን ብቻውን መንፋት ሲጀምር ቤቱ አይፈርስም። ያው 32 ባር ከሥር መዞሩን ይቀጥላል። ፒያኖና ቤዙ ያንኑ ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) በዚያው ቦታ ይጫወታሉ። ሶሎ የሚጫወተው ሰው እንደፈለገ የሚቀባጥር ይመስላል እንጂ በአራት ክፍል ቤት ውስጥ ነው የሚዘዋወረው። ብሪጁ ጋ ሲደርስ ክፍሉ ይቀየራል፤ የአየሩ መለወጥ ይሰማችኋል።

መቁጠሩ ከበዳችሁ? አንድ ብልሃት አለ። ሶሎው እየተካሄደ የመጀመሪያውን ዜማ በውስጣችሁ አንጎራጉሩት። ሳትቆጥሩ ቤቱ ውስጥ ትቆያላችሁ። እኔ አሁንም የማደርገው ይህንን ነው።

የሶሎው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ሞርጋን፣ ጎልሰን፣ ቲመንስ፣ ከዚያ ሜሪት በቤዝ። ሦስቱ ሁለት ሁለት ዙር ያህል ይወስዳሉ። ቤዙ ያጥራል። ከዚያ ዜማው ይመለሳል፤ ወደ ቤት መግባት ማለት ነው።

4. በየምሽቱ አንድ ሰው ብቻ ተከተሉ

ያንኑ ሙዚቃ አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ መሣሪያ ብቻ እየተከተላችሁ ስሙ። ሌላውን እርሱት።

ከድራሙ ጀምሩ። ብዙ ሰው ከትራምፔቱ ይጀምራል፤ እኔ አልስማማም። ይህ የድራመር አልበም ነው። መጀመሪያ በእግር የሚከፈትና የሚዘጋውን ጥንድ ሲምባል ፈልጉ፤ ሃይሃት ይባላል። «ችክ» ይላል። የሚመታው ሁለተኛውና አራተኛው ቁጥር ላይ ነው። ማጨብጨብ ካማራችሁ እዚያ ላይ አጨብጭቡ። አንድና ሦስት ላይ ካጨበጨባችሁ ሙዚቃው ሰልፍ ይሆንባችኋል። እኔ ለመልመድ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ቀጥሎ የክፍል ድንበሮችን ጠብቁ። አንድ ክፍል አልቆ ሌላው ሊጀምር ሲል ብሌኪ ሁለቱን ዱላ ስኔር የሚባለው ድራም ላይ ጫን ያደርግና ድምፁን ከዝቅታ ወደ ላይ ያንደረድረዋል። ዝናብ ከሩቅ ቆርቆሮ ጣሪያ ለጣሪያ እየሮጠ ሲመጣ እንደሚሰማው ነው። የብሌኪ ፊርማ ይህ ነው። ጥቅሙም አለው፦ «በር ላይ ደርሰናል» ይላችኋል። ቆጠራው የጠፋበት ሰው ይህንን ይጠብቅ። ድራመሩ ራሱ ይመራዋል።

ይህ ድምፅ ሰው ያስደነግጥ እንደነበረ ጎልሰን ተርኳል። ባንዱ ውስጥ እንደገባ ለስለስ፣ ቀስ ያለ አጨዋወት ነበረው። አንድ ምሽት ብሌኪ ያንን ነጎድጓድ እስኪበቃው ከለቀቀበት በኋላ «ከዚያ ጉድጓድ ውጣ!» ብሎ ጮኸበት። ጎልሰን ከዚያ በኋላ አነፋፉን ቀየረ። የእሱን ሶሎ ስትሰሙ ከኋላ ማን እንደሚገፋው አሁን ታውቃላችሁ።

በሁለተኛው ምሽት ቤዙን። በሶሎዎቹ ሥር ሜሪት በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አንድ ድምፅ ይመታል። አራት እርምጃ በባር። ሰው ሲራመድ ነው። አለመሰልቸቱን ብቻ ተመልከቱ።

ከዚያ ትራምፔቱ ይመጣል። የሞርጋን አገባብ ዝነኛ ነው። በአጫጭር ሐረግ ነው የሚጀምረው። ይናገራል፤ ዝም ይላል፤ ይናገራል። 20 ዓመት ሞልቶት እንዲህ ዝም ማለት መቻሉ ይገርመኛል፤ ወጣት ነፊ አብዛኛውን ጊዜ ክፍተት ይፈራል። አንዳንድ ድምፅ ላይ ደግሞ ያዳልጠዋል። በቀጥታ አይደርስበትም፤ ከሥር ተነሥቶ እየሳበ ይወጣል። ቃል የሚያወጣ ይመስላል። ይህ ልጅ በ33 ዓመቱ፣ በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ በሚጫወትበት ክበብ ተተኩሶበት ሞተ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያቺን መግቢያ እንደ ቀድሞው መስማት አልቻልኩም።

ሞርጋን ጨርሶ ጎልሰን ሲገባ ተጠንቀቁ። የሞርጋንን የመጨረሻ ሐረግና የጎልሰንን የመጀመሪያ አነጻጽሩ። ምን ተቀባበሉ? መልሱን አልነግራችሁም። ሁለት ጊዜ መልሳችሁ ካጫወታችሁት ትይዙታላችሁ። ጎልሰን ድምፁ ወፍራም ነው፤ ትንሽ ሻከር ይላል። ሲሞቅ ድምፆቹን ያጎርፋቸዋል።

የመጨረሻው ምሽት የፒያኖው ነው። ቲመንስ በአንድ እጅ ቀጭን ዜማ ይጀምርና ወደ ኋላ ላይ በሁለት እጁ ወፋፍራም ኮርድ ያወርዳል። ስብከት የሚሞቅበት አካሄድ ነው። ሌሎቹ ሲጫወቱም ጣል የሚያደርጋቸውን ትንንሽ ኮርዶች አትለፏቸው፤ «እህ»፣ «ይበል» እንደሚል አድማጭ ናቸው።

5. ቀሪውን አልበም በቅደም ተከተል ስሙ

አሁን የተቀሩት አምስቱ አይከብዷችሁም። አራቱን የደረሰው ጎልሰን ነው።

ሁለተኛው «አር ዩ ሪል» ፈጠን ያለና ደስተኛ ነው። ብዙ አልቆይበትም።

ሦስተኛው «አሎንግ ኬም ቤቲ» ግን ይዘገይባችሁ። ጎልሰን የአንዲትን ሴት አረማመድ እያሰበ ነው የደረሰው። ትራምፔቱና ሳክሱ ዜማውን ተጣምረው ይወስዱታል። አይሮጥም፤ አይጎተትም። ከቢሮ ወጥታ መንገድ የምታቋርጥ፣ ማንም እንደሚያያት የምታውቅ፣ ግን የማትቸኩል ሴት አስቡ። ብሌኪ እዚህ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያ ነጎድጓዳም ሰውዬ እንዲህ መለዘብ ይችላል ወይ ያሰኛል።

በሸክላው ሁለተኛ ገጽ መጀመሪያ ላይ «ድራም ተንደር ስዊት» አለ። ብሌኪ በተለመደው ዱላ ሳይሆን ጫፉ በለስላሳ ጨርቅ በተጠቀለለው ዱላ የሚጫወትበት ነገር ፈልጎ ነበር፤ ጎልሰን ለዚያ ሲል ሦስት ክፍል ያለው ሥራ ደረሰለት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም። ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ነው አልበሙን የሚዘጋው። መዝለል ትችላላችሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ተመለሱበት። የድራሙ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ቃና እንዳለው የሚገባችሁ ያኔ ነው።

«ብሉዝ ማርች» ለልምምድ ወርቅ ነው። ሲጀመር ድራሙ የወታደር ሰልፍ ነው። አሁን አንድና ሦስት ላይ ብታጨበጭቡ ማንም አይቆጣችሁም። እዚህ ቤቱ ትንሽ ነው፦ 12 ባር ብቻ። የብሉዝ መደበኛው ልክ ነው። ጣታችሁን እያጠፋችሁ 12 ቁጠሩ፤ ተመልሳችሁ ከ1 ጀምሩ። ይህ 12 ባር አንዴ ጆሮ ውስጥ ከገባ በሺህ የሚቆጠር የጃዝ፣ የብሉዝና የሮክ ሙዚቃ ይከፈትላችኋል። 32ቱ አልያዝ ካላችሁ እንዲያውም ከዚህ ጀምራችሁ ወደ «ሞኒን» ተመለሱ።

መዝጊያው «ካም ሬይን ኦር ካም ሻይን» ነው። ይህ ብቻ የባንዱ ድርሰት አይደለም፤ ሃሮልድ አርለንና ጆኒ መርሰር በ1946 ለመድረክ ሥራ የሠሩት የፍቅር ዘፈን ነው። ዘፋኞች አብዛኛውን ጊዜ በዝግታና በኀዘን ነው የሚዘፍኑት። ከተቻለ መጀመሪያ አንድ የተዘፈነ ቅጂ ፈልጋችሁ ስሙ። ከዚያ እነዚህ ልጆች እንዴት ዘና ብለው እንደሚያስኬዱት ታያላችሁ።

6. ያንኑ ሙዚቃ በሌላ ቀን ስሙ

መጀመሪያ «እለፉት» ያልኳችሁን የ«ሞኒን» ሌላ ቅጂ አሁን ክፈቱ። በዚያው ሳሎን፣ በዚያው ቀን፣ እነዚያው ሰዎች። ዜማው ያው ነው፤ ሶሎዎቹ ግን ሌላ ናቸው። «ይሄን ሁሉ አስቀድመው ጽፈውት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሁለቱን አንድ በአንድ አጫውታችሁ የሞርጋንን አገባብ አነጻጽሩ።

ከዚያ ወደ ፓሪስ ሂዱ። ቀረጻው ሁለት ወር ሳይሞላው ይኸው ባንድ እዚያ ነበር። ዲሴምበር 21 ቀን 1958 በሳን ዠርማን ክበብ የተቀዳው አለ። ሰዎቹ ሞቀዋል፤ ታዳሚው ቅርብ ነው። ቲመንስ «ሞኒን» ላይ ሶሎ እየተጫወተ ሳለ አንዲት ሴት ከታዳሚው መሀል «ጌታ ሆይ ማረን!» ብላ ትጮኻለች። ያኔ ፓሪስ ትኖር የነበረችው ፒያኒስቷ ሄዘል ስኮት ናት። እሷ ስትጮህ ቲመንስ ስንተኛው ክፍል ላይ እንደሆነ ለማወቅ ጣቴን እያጠፍኩ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ጩኸቷ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ቆጠራው ይጠፋብኛል።